የዕድገት ጊዜና የጣና ዓሦች

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ለጊዜው ሲሰሙት ከአገራችን ጋር ብዙ ግንኙነት ያለው አይመስልም። ጉዳዩ የእንስሳት የሰውነት ክፍሎች የሚያድጉበት ጊዜ ሲለወጥ፥ ከብዙ ትውልድ በኋላ የእንስሳቱ መልክ እንዴት እንደሚለወጥ የሚመለከት ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር ሆነው ከሚጠቀሱት ፍጥረቶች መካከል አንዳንዶቹ ከደብረ ታቦር በስተምዕራብ በጣና ሐይቅ ውስጥ ይኖራሉ። የብዙዎቹም የመጀመሪያ የሕይወት ቀኖች የሚያልፉት ከጉና ተራራ ወርደው የፎገራን ሜዳ በሚያቋርጡት በጉማራና በርብ ወንዞች ነው።

ስለዚህ ንግግራችን ሁለት ነገሮችን ለማስረዳት የታሰበ ነው። አንደኛው፥ አዲስ ዓይነት እንስሳ እንዲገኝ የግድ አዲስ የሰውነት ክፍል መፈጠር እንደማያስፈልገው፥ የነበረው ክፍል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ፥ ፈጥኖ ወይም ቀስ ብሎ ማደጉ ብቻ ብዙ ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፥ ይህን የሚያስተምሩን ዓሦች እኛው በምንሻገራቸው ወንዞች ውስጥ አደጋ ላይ መሆናቸውን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ከእርሻ ብንጀምር ይቀላል። በፋርጣና በጉና ግርጌ የሚያርሰው ገበሬ ቶሎ የሚደርስ ገብስና ዘግይቶ የሚደርስ ገብስ እንዳለ ያውቃል። ሁለቱም ገብስ ናቸው፤ ሥር፥ አገዳ፥ ቅጠልና ዛላ አላቸው። ልዩነታቸው አንዱ ዛላውን ቀድሞ ማውጣቱ፥ ሌላው አገዳውን ለማሳደግ ረዘም ያለ ጊዜ መውሰዱ ነው። ገበሬው የዝናቡን ሁኔታ አይቶ አንዱን ወይም ሌላውን ይዘራል። እንግዲህ ገበሬው የሚመርጠው ዘር ብቻ ሳይሆን የዕድገት ጊዜም ጭምር ነው ማለት ነው። በእንስሳትም ዘንድ ተፈጥሮ እንዲሁ ያለ ምርጫ ታደርጋለች።

የአንድ የሰውነት ክፍል ዕድገት ሦስት ጥያቄዎች አሉት። መቼ ጀመረ? በምን ፍጥነት አደገ? መቼ አቆመ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከወላጆቹ ሲለይ ልጁ ከወላጆቹ የተለየ ቅርጽ ይኖረዋል። መንጋጋ ከቀረው ሰውነት ፈጥኖ ቢያድግ አፈ ሰፊ እንስሳ ይገኛል። ዕድገቱ ከተለመደው ቀድሞ ቢቆም ደግሞ ጎልማሳው የልጅነት መልኩን እንደያዘ ይቀራል። ይህን የጊዜ መለዋወጥ ሳይንቲስቶች ሄተሮክሮኒ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን «ሌላ ጊዜ» እንደማለት ነው።

ቃሉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ላይ ያዋለው ጀርመናዊው ኧርነስት ሄክል ነበር። ሄክል ግን ነገሩን ያየው እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ሕግ መፍረስ ነው። በእርሱ አስተያየት ማንኛውም ፅንስ ሲያድግ የጥንት አባቶቹን የጎልማሳነት መልክ በየተራ ደግሞ ያልፋል፤ የጊዜ መለዋወጥ ይህን ተራ የሚያዛባ እንቅፋት ነው። ከርሱ በኋላ የመጡት እንግሊዛውያን ዋልተር ጋርስታንግ በ1922፥ ጋቪን ደ ቢር በ1930 ነገሩን ገለበጡት። ፅንስ የአባቶቹን የታሪክ መጽሐፍ እያነበበ አያድግም፤ ይልቁንም በፅንስና በልጅነት ዘመን የሚደረገው ለውጥ ራሱ ታሪኩን ይሠራዋል አሉ። አሜሪካዊው ስቲቨን ጄይ ጉልድ በ1977 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ ይህን ሐሳብ እንደገና አነሣው፤ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ትምህርት ይሰጥበታል።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በሜክሲኮ ከተማ አጠገብ በሚገኝ ሐይቅ የሚኖረው አክሶሎትል ነው። እንደ እንቁራሪት ወገን በውኃና በየብስ ከሚኖሩት እንስሳት ይቆጠራል። ዘመዶቹ በልጅነታቸው በስንጥብ እየተነፈሱ በውኃ ይኖራሉ፤ ሲያድጉ ስንጥባቸውን ጥለው ወደ የብስ ይወጣሉ። አክሶሎትል ግን ስንጥቡን እንደያዘ፥ ከውኃ ሳይወጣ ይወልዳል። በ1864 ወደ ፓሪስ ከተላኩት አክሶሎትሎች ከተወለዱት ልጆች አንዳንዶቹ በ1865 ሳይታሰብ ስንጥባቸውን ጥለው የየብስ እንስሳ ሲሆኑ ጠባቂያቸው ኦጉስት ዱሜሪል እጅግ ተደነቀ። የጎልማሳው መልክ በውስጣቸው አልጠፋም ነበርና፤ የቀረው ጊዜው ብቻ ነበር።

ጊዜውን የሚያዘው ነገር ምን እንደሆነ ከጥቂት ዓሥርተ ዓመታት በኋላ ታወቀ። በ1912 ጉደርናች የተባለ ተመራማሪ የእንቁራሪት እጮችን የታይሮይድ ዕጢ ቢያበላቸው፥ ገና ጥቃቅን ሳሉ ጅራታቸውን ጥለው ትንንሽ እንቁራሪቶች ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ላውፍበርገር ይኸንኑ ለአክሶሎትል ቢሰጥ የየብስ እንስሳ ሆነ። ይህ ዕጢ ለእኛ ለደገኞች እንግዳ አይደለም። በአንገት ፊት የሚገኝ ሲሆን፥ በምግብ ውስጥ አዮዲን ሲያንስ አብጦ እንቅርት ይሆናል። በእናቲቱ ማኅፀንና በመጀመሪያዎቹ የዕድሜ ወራት የዚህ ዕጢ ሆርሞን ያነሰው ሕፃን ቁመቱም አእምሮውም ወደ ኋላ ይቀራል። በኋላ ቢሰጠው የቀረውን ሁሉ አይመልስለትም። እንግዲህ የዕድገት ጊዜ ነገር የሐኪምም ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፥ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ሆኖ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ በጢስ ዓባይ ይወረወራል። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። በዚህ ምክንያት የጣና ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ተለይተው ኖረዋል።

በሐይቁ ውስጥ ሁላችንም የምናውቃቸው አምባዛና ቆሮሶ አሉ። ከነርሱ ሌላ ሳይንቲስቶች ላቤኦባርበስ የሚሏቸው ትልልቅ ባርበሶች ይገኛሉ። ባርበስ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ምግቡን የሚፈጨው በጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ነው፤ ጨጓራም የለውም። እንዲህ ያለ ዓሣ ሌላ ዓሣ አሳድዶ ይበላል ብሎ የሚጠብቅ የለም። በጣና ግን በሌላ ቦታ ከማይገኙት 15 የባርበስ ዝርያዎች መካከል 8ቱ ዓሣ በል ሆነዋል። የላቲን ስማቸው ራሱ መልካቸውን ይናገራል። ሜጋስቶማ አፈ ትልቅ፥ አኩቲሮስትሪስ አፍንጫው የሾለ፥ ማክሮፍታልመስ ዓይኑ ትልቅ፥ ብሬቪሴፋለስ ራሱ አጭር ማለት ነው። ጎርጎሬንሲስ የተባለው ስሙን ያገኘው ከሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ከጎርጎራ ነው።

እነዚህ ዓሦች ብዙ ዓይነት ናቸው ወይስ አንድ? በዚህ ላይ የተደረገው ክርክር ረዥም ነው። በ1830ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከጣና የተለያዩ ዝርያዎችን መዝግቦ ነበር። በ1973 እንግሊዛዊው ባኒስተር የሙዚየም ናሙናዎችን መርምሮ ልዩነታቸው በቂ አይደለም በማለት አብዛኞቹን ኢንተርሚዲየስ በሚባል በአንድ ስም ሥር ጠቀለላቸው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን ከሆላንድ የዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ናኸልከርከና ሲቢንግ ዓሦቹን በየወቅቱና በየቦታው እየያዙ ለኩ፤ ምን እንደሚበሉና የት እንደሚራቡ አጠኑ፤ በመጨረሻም 15 ዝርያዎች መሆናቸውን አስታወቁ። ከአጥማጆች ጋር የዋለ ሰው በሙዚየም ጠርሙስ ውስጥ የማይታየውን ነገር ሊያይ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ለርእሳችን ግን ከሁሉ የሚበልጠው እነዚሁ ሰዎች የደረሱበት ሌላ ነገር ነው። የጣና ባርበሶች ትንንሽ ሳሉ አንዱን ከሌላው ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። ሁሉም ወንዝ ውስጥ የሚኖረውን ኢንተርሚዲየስን ይመስላሉ። እያደጉ በሄዱ መጠን ግን መንገዳቸው ይለያያል፤ የአንዱ አፍ ይሰፋል፥ የሌላው ራስ ይረዝማል፥ የሌላው ከንፈር ይወፍራል። ስለዚህ ልዩነታቸው በዕድገታቸው ጉዞ ላይ የሚገለጥ እንጂ ከዕንቁላሉ ሲወጡ የሚታይ አይደለም። ዓይንን ለምሳሌ እንውሰድ። በማንኛውም የዓሣ ጫጩት ላይ ዓይን ከራስ ጋር ሲመዛዘን ትልቅ ነው፤ ሰውነት ሲያድግ ዓይን እየቀረ ይሄዳል። የዓይኑ ዕድገት ጥቂት ቢፈጥን ወይም ትንሽ ቢቆይ ባለ ትልቅ ዓይን ጎልማሳ ዓሣ ይገኛል ማለት ነው። ለዚህ አዲስ ዓይን መፍጠር አላስፈለገም።

ይህ ሐሳብ በሙከራ ተፈትኗል። በኢትዮጵያና በሩሲያ የጋራ የባዮሎጂ ጥናት ውስጥ የሠሩት እነስሚርኖፍና ሽኪል የኢንተርሚዲየስን ጫጩቶች ከዕንቁላል ጀምሮ አሳደጉ። ለአንዱ ወገን የታይሮይድ ሆርሞን ጨመሩለት፤ ለሌላው ወገን ሆርሞኑ እንዳይመረት የሚያግድ ነገር ሰጡት፤ ሦስተኛውን ለማነጻጸሪያ እንዳለ ተዉት። ሆርሞን በተጨመረለት አጥንቶች ቀድመው ታዩ፤ በታገደው ዘገዩ። ነገር ግን ሁሉም ክፍል እኩል አልፈጠነም፥ እኩልም አልዘገየም፤ አንዳንዱ ብዙ ሲንቀሳቀስ አንዳንዱ ባለበት ቀረ። በዚህም ምክንያት ዓሦቹ ሲያድጉ የራስ ቅላቸው መጠንና እንደ ቅርፊት ያሉት ተደርድረው የሚበቅሉ ክፍሎች ቁጥር ተለያየ። የአንድ ዝርያ ልጆች በመሆናቸው የዘር ልዩነት ነው እንዳይባል ጊዜው ብቻ ተለውጦ መልካቸው ተለወጠ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። በገንዳ ውስጥ በሆርሞን የተለወጠ ዓሣ ለውጡን ለልጆቹ አያወርስም። ስለዚህ «አንድ ሆርሞን 15 ዝርያ ፈጠረ» ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ሙከራው የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። የዓሣው የዕድገት መንገድ በቀላሉ ወደ የት ወደ የት ሊታጠፍ እንደሚችል ያሳያል። ሆርሞኑን የሚያመነጨው ዕጢም ሆነ ሆርሞኑን የሚቀበለው አጥንት በዘር የሚወረስ ልዩነት አላቸው። ከነዚህ ልዩነቶች መካከል ለኑሮ የሚጠቅመው ይመረጣል። በጥልቁ ውኃ ዓሣ ለሚያድን አፈ ሰፊው፥ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረቶችን ለሚለቅም ሌላው ይጠቅማል። ጊዜ የተለያዩ ቅርጾችን ያቀርባል፤ የሐይቁ ኑሮ ደግሞ ከቀረቡት ይመርጣል። ሁለቱ ተደጋጋፊዎች ናቸው።

ይህም ስለ ፍጥነቱ ያለንን ግርምት ያቀልልናል። በሐይቁ ወለል ላይ የተጠራቀመውን ደለል ቆፍረው ያጠኑ ሳይንቲስቶች ጣና ከዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበረ አረጋግጠዋል። የዛሬው ሰፊ ሐይቅ የሞላው ከዚያ ወዲህ ስለሆነ፥ ባርበሶቹ አሁን በምናያቸው መልክ የተለያዩት በዝግመተ ለውጥ አቆጣጠር እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ይመስላል። አዲስ አካል ከምንም ተነሥቶ እንዲፈጠር ቢጠበቅ ኖሮ ይህ ጊዜ አይበቃም ነበር። ያለውን አካል በሌላ ሰዓት ለማሳደግ ግን ይበቃል።

ወዳጆቻችን፤ እስካሁን የተናገርነው ስለ ዕውቀት ነው። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ስለ ወንዞቻችን ነው።

ከጣና ባርበሶች ገሚስ ያህሉ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ብንልም፥ ለነርሱ ዋናው ሥራ የሚሠራው በነሐሴና በመስከረም ነው። ጉማራና ርብ ሲሞሉ ከሐይቁ ተነሥተው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ውኃው ጠርቶ በፍጥነት በሚፈስባቸው፥ ወለላቸው ጠጠር በሆነ ገባር ወንዞች ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ሁሉም ዝርያዎች ባንድ ጊዜ አይመጡም፤ አንዱ ሲቀድም ሌላው ይከተላል። እንግዲህ የጊዜ ልዩነት በሰውነታቸው ብቻ ሳይሆን በጋብቻቸውም አለ፤ ዝርያዎቹ እንዳይደባለቁም ይረዳል። ጫጩቶቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በውኃው ተወስደው ወደ ሐይቁ ዳርቻ ይመለሳሉ። የዕድገት ሰዓታቸው የሚሞላው በነዚህ ሳምንቶች ነው።

ሰውም ይህን ወቅት ያውቀዋል። ከ1986 ጀምሮ በጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሥራ ላይ ሲውል፥ ዓሦቹ በወንዝ አፍ ላይ በሚሰበሰቡበት ጊዜ መረብ መጣል ብዙ ገቢ አስገኘ። በገባር ወንዞች ዳር ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ውኃው ይጨመራል፤ ብርብራው ትልቁን ዓሣ ከጫጩቱ ሳይለይ ያፍናል። የሆላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ድረስ ባደረጉት ንጽጽር የባርበሶቹ ቁጥር ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። የወጣቶቹ መቀነስ ከዚህም የባሰ ነበር። ይህ ማለት ሐይቁ ሽማግሌዎቹን እያጣ ብቻ ሳይሆን ተተኪዎቹንም ሳያገኝ ቀርቷል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ነገሮች ተጨምረዋል። ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ ጫጩቶች የሚያድጉበትን ጥልቀት የሌለውን ውኃ ሸፍኗል። በርብ ወንዝ ላይ ለመስኖ ግድብ ተሠርቷል። ከወንዞቹ ዳር አሸዋና ጠጠር ይጫናል፤ ከተራቆተው ዳገት የሚወርደው አፈርም ጠጠሩን ይደፍነዋል። እኛ መስኖን የምንቃወም አይደለንም፤ የፎገራ ገበሬ በበጋ ውኃ ቢያገኝ ደስ ይለናል፤ ከመካከላችንም የዚያ ገበሬ ልጆች አሉ። የምንለው አንድ ነገር ነው። ለዓሣ የሚያስፈልገው የውኃ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ውኃው በወቅቱ መድረሱም ጭምር ነው። በነሐሴ ሊወርድ የሚገባው ውኃ በጥር ቢለቀቅ ለአትክልቱ ይጠቅም ይሆናል፤ ለባርበስ ግን አይደርስለትም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ በ2003 ወጥቷል፤ ጣናና አካባቢውም በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን አዋጅ ራሱ ወንዝ ዳር ቆሞ አይጠብቅም። የሚጠብቀው በአቅራቢያው የሚኖር ሰው ነው፤ በአቅራቢያው ከሚኖሩት አንዱ ደግሞ እኛ ነን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህን ጥናት የውጭ አገር ሰዎች ጨርሰውታል» ይሉ ይሆናል። አልጨረሱትም። ከነርሱ ጋርና ከነርሱም በኋላ የራሳችን ምሁራን ሠርተዋል። ዶክተር እሸቴ ደጀን የጣናን ትንንሽ ባርበሶች መርምረው በ2003 በዋኸኒንገን የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቅርበዋል፤ ዶክተር ዋሴ አንተነህ ባርበሶች ለመራባት ወደ ሰሜኖቹ ወንዞች፥ ወደ መገጭና ወደ ድርማ የሚያደርጉትን ጉዞ አጥንተዋል። የሚቀረው ሥራ ግን ውድ መሣሪያ ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በየዓመቱ ዓሦቹ የሚመጡበትን ቀን፥ የውኃውን ሙቀትና ጥራት፥ የጫጩቶቹን ቁመት እየለካ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ከሆላንድ ወይም ከሞስኮ የሚመጣ ተመራማሪ አንድ ወይም ሁለት ክረምት ቆይቶ ይመለሳል። እኛ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር እዚሁ ነን።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦችን እናቀርባለን። አንደኛ፥ የባዮሎጂ ተማሪዎች በየዓመቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በጉማራና በርብ ላይ የሚመዘገብ አንድ መዝገብ እንዲጀምሩ፥ መዝገቡም ከተመራቂ ለተተኪ እንዲተላለፍ። ሁለተኛ፥ መምህሮቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሚሰጧቸው ርእሶች መካከል የባርበስን የዕድገት ጊዜ የሚመለከት እንዲጨምሩልን። ሦስተኛ፥ ለዕረፍት ወደየቀበሌያችን ስንሄድ ስለ ብርብራ ነገር ከአባቶቻችንና ከታናናሾቻችን ጋር እንድንነጋገር። ይህን ስናደርግ በትዕቢት ሳይሆን በአክብሮት መሆን አለበት። ገበሬው ስለ ወንዙ ከኛ ይልቅ ብዙ ያውቃል። ዓሣው መቼ እንደሚወጣ ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በብርብራ የሚሞተው ጫጩት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለልጁ ራት የሚሆነው ዓሣ መሆኑን ብናስረዳው የሚሰማን ይመስለናል።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ቢቀር የሚጠፋው ዓሣ ብቻ አይደለም። ተፈጥሮ በአንድ የዓሣ ወገን ላይ በአጭር ጊዜ 15 ዓይነት መልክ እንዴት እንዳወጣች የሚያስረዳው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። ተማሪዎች ይህን ነገር ለማየት ወደ ሜክሲኮ መሄድ አይጠበቅባቸውም፤ ከዚህ ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ይበቃቸዋል። የዘንድሮውን መዝገብ ለመጀመር ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድትሰጡ እንጠይቃለን።